ቃፍ ሄዶ ሺን መጣ

ሺን ነው የዓረብኛው ፊደል፣ ሦስት ነጥብ አለው፣ ድሮ ግን ቃፍ ነበር፣ ሁለት ነጥብ፣ በቀሪ ይል ነበር፣ የከብት ማለት ነው፣ ከበሬ ቆሽት የወጣ የስኳር መድኃኒት፣ አሁን በሸሪ ይላል፣ የሰው፣ ኢንሱሊን በሸሪ፣ አንዲት ፊደል ናት የተለወጠችው፣ አንዲት ፊደል፣ በሬውም ሰው ሆኖ ቁጭ፣ ሙሚና ጠርሙሷን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ ታነሳታለች፣ አውራ ጣት የማታህል ጠርሙስ፣ ውስጧ ያለው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፣ ደም የለበት፣ ሥጋ የለበት፣ ሰው የለበት፣ ሰው ቢኖርበትስ በምን ይታያል።

ምነው ባላነበበችው። ምነው ያን ጊዜ ምላሷ በተሳሰረ።

ማንም በግድ አንብቢ አላላትም፣ ኩራት ነው የጣላት፣ አገሯ ሐርቡ ላይ አባቷ ቁርኣን ቤት ሰደው ያስያዟትን ፊደል ይዛ ባሕር ተሻግራ ዓረብ አገር መጥታ፣ የሐበሻዋ ሠራተኛ ታነባለች ሲሏት ደስ ይላታል፣ አዲሱ መድኃኒት ከዳማድ ጤና ጣቢያ የመጣ ቀን አሮጊቷ ኡም ፈይሰል አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው፣ እስቲ ምን ይላል ልጄ፣ ዓይኔ እንደሁ ከድቶኛል፣ አሏት፣ ልማዳቸው ነው፣ የሻይ ቅጠል ካርቶን ሳይቀር ያስነብቧታል፣ እሷም ድምጿን አሳምራ፣ ኢንሱሊን በሸሪ፣ አለች፣ ምን አልሽ፣ በሸሪ፣ ድገሚው፣ ደገመችው፣ አሮጊቷ ቀስ ብለው ተነስተው ተቀመጡ፣ እጃቸውን ከጠርሙሷ አሸሹ።

የማን ሰው፣ አሉ።

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው፣ ሙሚና ይኸው እስከ ዛሬ ታላምጠዋለች፣ አትውጠው አትተፋው፣ የማን ሰው፣ ሞቶ ነው ቆሞ፣ ተጠይቆ ነው ሳይጠየቅ፣ የቀረው ገላው ታጥቦ ተከፍኖ ተቀብሯል ወይስ እንደ በሬው ተበልቶ አለቀ፣ ሐሜት እንኳ የሰው ሥጋ እንደ መብላት ነው እየተባለች ያደገች ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት የሰው ነገር በስሪንጅ ስባ አሮጊት ጭን ውስጥ ስትጨምር፣ አይ፣ አልጨመረችም እኮ፣ እሱ ነው ጉዱ፣ አልጨመረችም።

ፈይሰል አስረድቷቸው ነበር፣ ልጃቸው፣ የሙሚና ከፊል፣ አሠሪዋና ዋሷ ማለት፣ እሱ ነው፣ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በእሱ ስም፣ እንጀራዋ በእሱ እጅ፣ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምራል፣ ሲያስረዳ ቤቱም ክፍል ይመስለዋል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እናቴ ሆይ፣ ይህ መድኃኒት ከሰው አካል ተቆርጦ የተወሰደ አይደለም፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት አሉ፣ ጀራሲም የምንላቸው፣ ሊቃውንቱ በእነዚህ ጀራሲም ውስጥ የሰውን ኢንሱሊን የመሥራት ትእዛዝ አኖሩባቸው፣ እነርሱም ይሠሩታል፣ የሚወጣው እኛ ሰውነት ውስጥ ካለው በምንም አይለይም፣ በሸሪ መባሉም ስለዚሁ ነው፣ አለ፣ ኡም ፈይሰል እስኪጨርስ ጠበቁት፣ ጀራሲም ማለት ያ በሽታ የሚያመጣው አይደለም ወይ፣ አሉ፣ እነዚህ ጉዳት የላቸውም እናቴ፣ ዘራቸውም ቢሆን እዚሁ በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖር ነው፣ አለ፣ ኸላስ፣ እዚያ ላይ አበቃ፣ አንጀት ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አላውቅም ብለህ ነው፣ አሉ፣ ሰው አነሰና ዓይነ ምድሩን፣ አዑዙ ቢላህ፣ ሸይኹ ፈቅደዋል እኮ እናቴ፣ እንግዲያ ሸይኹ በገዛ ጭናቸው ይውጉት።

እሱ ስቆ ወጣ። እሳቸው አልሳቁም።

እሱ እንደ ወጣ የሙሚናን እጅ ያዙ፣ ወላሂ በዪ፣ አሉ፣ ለፈይሰል ላትነግሪ፣ የሰማ እንደሆነ ከተማ ወስዶ ሆስፒታል ያስተኛኛል፣ አባቱ በእግሩ ገብቶ በመኪና ጀርባ ነው የተመለሰልኝ፣ ጠዋት ጠዋት ስሪንጁን ሙዪው፣ ግቢ ውጪና ከፉሉ አበባ ሥር ድፊው፣ የሰው ነገር ከሆነ መሬት ይብላው፣ የሰው ቤቱ መሬት ነው፣ ወላሂ በዪ፣ ምን ትበል፣ ወባ ጥሏት በተንቀጠቀጠች ጊዜ ሠራተኛ ናት ሳይሉ አጠገባቸው አስተኝተው በእጃቸው ሩዝ ያጎረሷት ሴት ናቸው፣ ወላሂ ኻላ፣ አለች፣ ኻላ ነው የምትላቸው፣ አክስቴ እንደማለት፣ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ትሞላለች፣ ትወጣለች፣ ከፉሉ ሥር ትደፋለች፣ የዳማድ ሴቶች ለሠርግ በጸጉራቸው የሚሰኩት ነጭ አበባ ነው፣ አያውቅም ምን እየጠጣ እንደሆነ፣ ፈይሰል ከደጅ ጫማውን እያጠለቀ፣ ሰጠሻት፣ ይላል፣ ሰጠኋቸው ኡስታዝ፣ ትላለች፣ እያደር አፏ ላይ ቀለላት፣ እሱ ነው የሚያስፈራው፣ ውሸቱ ቀለላት።

ኡም ፈይሰል ግን ከበዱ። እንደ እርጥብ እንጨት።

ሙሚና ወደ ውስጥ ትመለከታለች፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ላይ ናቸው፣ ማራገቢያው ከላያቸው ይዞራል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ውሃ ይላሉ፣ ትሰጣለች፣ ጽዋውን ሳይጨርሱ ውሃ ይላሉ፣ ትናንት ሽንት ቤት ደግፋ አድርሳቸዋለች፣ ዛሬ ተሸክማ፣ ትንፋሻቸው የሰነበተ ማንጎ ይሸታል፣ ጠዋት ደግሞ ኢኽላስ ብለው ጠሯት፣ ኢኽላስ በልጅነቷ የሞተች ሴት ልጃቸው ናት፣ ኢኽላስ ነይ ጸጉርሽን ላበጥርልሽ፣ እኔ ሙሚና ነኝ ኻላ፣ እህ፣ አንቺ ነሽ እንዴ፣ አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ፈይሰል ሙቀቱ ነው አደከማት ብሎ ወደ ሥራው ሄደ፣ ሰጠሻት፣ ሰጠኋቸው፣ ያላ፣ በሉ ደህና ዋሉ።

ይህን ጥም ታውቀዋለች። አታውቀውም እንዳትል ታውቀዋለች።

አባቷ ሙሐመድ ኑር እንዲህ ነበሩ፣ ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ መንገዱ ሁሉ ከጦር ሜዳ በሚመለስ ወታደር ሞልቶ፣ አባቷ ከእንስራው ሥር ተቀምጠው ቅሉን ሳያስቀምጡ ይጠጣሉ፣ የሸኑበት ላይ ጉንዳን ይሰለፋል፣ ሰው አየና ስኳር ነው አለ፣ ስኳር ከሆነ ጣፋጭ ይከልከሉ፣ ጣፋጭ ከየት መጥቶ፣ መርፌ አለው አሉ ደሴ፣ ደሴ መኪና የለም፣ መኪና ሲገኝ መርፌው የለም፣ የበሬም የሰውም አልነበረም፣ ያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ ይኸው ከሰው የተወሰደ ነው ቢላት፣ ከማን ነው ብላ ትጠይቅ ነበር ወይ፣ ወላሂ አትጠይቅም፣ ከገዛ ወንድሟ ነው ቢሏትም አትጠይቅም፣ ነጥቃ ትሮጥ ነበር፣ እና አሁን ጠርሙስ ሙሉ ይዛ አበባ ታጠጣለች።

ትናንት አሮጊቷ ሸለብ ሲያደርጋቸው ሞልታ ቀርባ ነበር፣ ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርጋ፣ ጭናቸው እንደ ደረቀ ቆዳ፣ መርፌው ሊነካ ሲል እጇ ቆመ፣ እምቢ አለ፣ ሰው ገላ ውስጥ ሳያውቅ መግባት፣ ሌባ ቤት ሲገባ እንደዚህ ነው፣ ደግሞስ ቢነቁ፣ አንቺም፣ ቢሏት፣ ለፈይሰልም መንገር አለ፣ ብትነግረው ይወስዳቸዋል፣ በግድ ይወጋቸዋል፣ ይድናሉ፣ ይድኑና ዳግም ዓይኗን አያዩም፣ እሷም እስከ ዛሬ የዋሸችው ይወጣል፣ ተርሒል፣ ወደ አገር መባረር፣ አውሮፕላን፣ ባዶ እጅ፣ ባትነግረው ይሞታሉ፣ በየት በኩል ብትዞር ገደል ነው፣ ወላሂ ማለት አልነበረባትም፣ መሐላ በጾም ይፈታል፣ ሞት በምን ይፈታል።

ከትናንት በስቲያ ጤና ጣቢያ ሄዳ ምስራቅን ጠይቃት ነበር፣ ምስራቅ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ክርስቲያን፣ ነርስ፣ ኢቃማዋ የተጣራ፣ አፏ የማይገደብ፣ ስሚኝማ ሙሚ፣ አለቻት ጓንቷን እያወለቀች፣ ሰው አርደው መሰለሽ እንዴ፣ ያንቺም የኔም የዚያ ወንበር ላይ የተኛው ዘበኛም ሰውነት ውስጥ ኢንሱሊን እንዴት እንደሚሠራ ተጽፎ አለ፣ ያችን ጽሑፍ ብቻ ገለበጧት፣ ገልብጠው ለባክቴሪያዋ ሰጧት፣ ባክቴሪያዋ ምን ገዷት፣ የተሰጣትን ትሠራለች፣ ለእሷ አይጠቅማት፣ ስኳር የለባት፣ ምን እንደምትሠራም አታውቀው፣ ከፊሏ ሥሪ ብሎ የሰው ሥራ አሸክሟታል፣ እንደኔና እንዳንቺ፣ አለችና ሳቀች፣ ትልቅ በርሜል ውስጥ እየቀለቡ ያራቧታል፣ የለሑሕ ቂጣ ስታቦኪ አታዪም፣ ኸሚሯን፣ እርሾዋን፣ ጣል ታደርጊና ስትነሺ ሊጡ ነፍቶ፣ እንደሱ በያት፣ ከዚያ ያጣሩና ኢንሱሊኑን ብቻ ለብቻው ያወጡታል።

እሷንስ፣ አለች ሙሚና።

ማንን?

ባክቴሪያዋን፣ ከዚያ በኋላ ምን ያደርጓታል።

ይገድሏታል ነዋ፣ አለች ምስራቅ፣ ሥራዋን ጨረሰች፣ ኸሩጅ ነሃኢ፣ አለች፣ ፓስፖርት ላይ የሚመቱት የመጨረሻ መውጫ ማለት ነው፣ ሁለቱም ሳቁ፣ ከዚያ ሙሚና እስከ ቤት ድረስ በማሽላው እርሻ ዳር እየሄደች አልሳቀችም፣ የማይታዩ ሠራተኞች በርሜል ሙሉ፣ ለሰው የሚሆን ነገር በሆዳቸው ተሸክመው፣ ለምን እንደሆነ ሳይነገራቸው፣ እሷን ምን አሳዘናት፣ ጀርም ናት፣ ጀርም ያሳዝናል እንዴ፣ ይህን ሁሉ ለአሮጊቷ ነግራቸዋለች፣ ለሑሑንም ኸሚሩንም፣ ኡም ፈይሰል በትዕግሥት ሰምተው፣ ጥሩ፣ አሉ፣ ጽሑፉን ከማን ነው የገለበጡት።

ውሃ፣ ይላሉ ከመጋረጃው ወዲያ።

ትሰጣለች፣ አንገታቸውን ደግፋ፣ ኻላ፣ ትላለች፣ ዛሬ እንኳ፣ በአላህ ይሁንብዎት፣ ዛሬ እንኳ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩዋታል፣ አሁን አውቀዋታል፣ አእምሯቸው ተመልሷል፣ ወላሂ ብለሽልኛል፣ ይላሉ፣ ብያለሁ ኻላ፣ ግን ይሞታሉ እኮ፣ ትላለች፣ ሞት ያለ ነው፣ የማላውቀው ሰው ገላዬ ውስጥ ገብቶ ከሚያድር ሞት ይሻለኛል፣ በቂያማ ቀን መጥቶ እጄን ስጪኝ፣ እግሬን ስጪኝ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ፣ ወድጄ ነው የምፈራው፣ አንቺስ ብትሆኚ ትወጊዋለሽ ወይ፣ ይሏታል።

አንቺስ ብትሆኚ።

አላሰበችውም፣ በኋላ ሲጠይቋት አስቤበት ነው ልትል ትችላለች፣ ግን አላሰበችውም፣ እጇ ቀደማት፣ ስሪንጁ እዚያው ሰሐን ላይ ተሞልቶ ተቀምጧል፣ ዛሬም ፉል ሥር ሊደፋ የተሞላ፣ ግማሹን ትገፋና ወደ ሰሐኑ ትረጫለች፣ ቀሚሷን ወደ ላይ፣ የሆዷን ቆዳ ቆንጥጣ፣ ምን ልታደርጊ ነው አንቺ ልጅ፣ ቢስሚላህ፣ ገባ፣ ትንኝ የነከሳት ያህል፣ ይዩኝ ኻላ፣ ትላለች፣ እንግዲህ ይዩኝ፣ ይኸው፣ የመጣው ይምጣ።

ያ መጅኑና፣ ይላሉ አሮጊቷ፣ አንቺ እብድ፣ ስኳር የለብሽ ምን የለብሽ፣ ግን ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም፣ እሷም ከእሳቸው፣ ሁለቱም ሰው እንደሚጠብቅ ሰው ይጠባበቃሉ፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ከውጭ የውሃ ቦቴ ጡሩምባ ይሰማል፣ እሺ፣ ይላሉ ቆይተው ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ መጣ ወይ፣ ማን ኻላ፣ ሰውዬው ነዋ፣ ሙሚና ወደ ውስጧ ታዳምጣለች፣ አልመጣም፣ ትላለች፣ ማንም የለም፣ እኔው ነኝ፣ አየሽ ገና ነው፣ ይላሉ አሮጊቷ።

ተነስታ ሩዝ ትለቅማለች፣ ሥራ ካለ ሐሳብ ይቀላል፣ ምንም የለም፣ አየሽ፣ ምንም፣ ጠዋት አልበላችም፣ ትናንትም ማታ እንደነገሩ ነው፣ አሁን ግን ራባት፣ ደስ ይላል መራብ፣ ሩዙን ስጥድ እበላለሁ፣ ድንጋዩን ታወጣለች፣ ድንጋይ፣ ሩዝ፣ ድንጋይ፣ ጣቷ ሩዟን ይስታታል፣ እንደገና፣ ይስታታል፣ ምነው፣ እጇን ወደ ፊቷ ታመጣለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል፣ የሌላ ሰው።

መጣ።

ያ ረቢ መጣ፣ ላብ፣ ከአንገቷ ሥር ቁልቁል፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ በዚህ ሙቀት ቀዝቃዛ፣ ልቧ ከውስጥ በር ይመታል፣ ክፈቺልኝ ይላል፣ ማነህ፣ ማን ልበል፣ ሙስሊም ነህ ካፊር ነህ፣ ስምህን ንገረኝና ለኻላ ልንገራቸው፣ ራባት፣ እንዲህ ያለ ረሃብ፣ ጥሬ ሩዙን ወደ አፏ፣ ሩዙ ከአፏ ይፈሳል፣ ኻላ መጥቷል፣ ትላለች፣ ወይም ያለች ይመስላታል፣ ምላሷ ወፍራም ነው፣ ወለሉ ለምን ቀረበ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው ደስ ይላል፣ አባባ ቅሉን ያስቀምጡት ይበቃዎታል፣ በርሜሉ ይህን ያህል ትልቅ ነው እንዴ፣ ሁሉም ውስጥ ናቸው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ይዋኛሉ፣ የሐርቡ ልጆች፣ ምስራቅ ጓንቷን አውልቃ፣ ያላ ያላ ይላል አንድ ሰው፣ ሆዳችሁ ውስጥ ያለውን አስቀምጡና ውጡ፣ የኔ ሆድ ውስጥ ምን አለ፣ አላውቀውም፣ ያልተነገረኝን እንዴት፣ ሺን ሦስት ነጥብ፣ ሦስቱም ተለያይተው ይሄዳሉ፣ ትንንሽ፣ ሂዱ እሺ፣ ሂዱ፣

ሙሚና!

ማን ነው የሚጮኸው፣

ስኳርሽ ወርዶ ነው! ያ ቢንት፣ ስሚኝ፣ አትተኚ፣ ስኳርሽ ነው!

የኡም ፈይሰል ድምፅ ነው፣ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ፣ ከዚያ ግም የሚል ነገር፣ ከአልጋ የወደቀ ነገር፣ ዛሬ ጠዋት በሸክም ሽንት ቤት የደረሱት ሴት በጉልበታቸው ምንጣፉ ላይ ይመጣሉ፣ እያቃሰቱ፣ በክርናቸው፣ ፊታቸው ከፊቷ በላይ ይመጣል ትልቅ ሆኖ፣ እጃቸው አንገቷ ሥር ይገባል፣ ማሰሪያውን ይስባል፣ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ እዚያ ነው፣ ማሩና ተምሩ የተቆለፈበት፣ አሮጊቷ ተደብቀው እንዳይቀምሱ ፈይሰል ለሙሚና አንገት የሰጠው ቁልፍ፣ ክሩ አልበጠስ ይላል፣ በጥርሳቸው፣ ኡም ፈይሰል በቀሩት ጥርሳቸው ይበጥሱታል፣ ሲጥጥ የሚል በር፣ የሚንከባለል ክዳን፣ ከዚያ ጣት፣ ማር የተለወሰ ጣት አፏ ውስጥ፣ ድዷን ያሻል፣ ጉንጯን ያሻል፣ ዋጪ፣ ዋጪ ልጄ፣ ቢስሚላህ፣ ሌላ ጣት፣ ዋጪ፣ ያላ፣ እንዳትሞቺብኝ፣ በኔ እንዳትሞቺብኝ።

ጣፋጭ።

ጣፋጭ ነው መጀመሪያ የመጣው፣ ከዚያ ጨው፣ ላቧ ነው ወይ እንባዋ፣ ከዚያ ምንጣፉ፣ ቀይ ምንጣፍ፣ ከዚያ እጇ፣ የራሷ እጅ፣ እየተንቀጠቀጠ ግን የራሷ፣ ጭንቅላቷ አሮጊቷ ጭን ላይ ነው፣ የደረቀው ጭን፣ ኡም ፈይሰል አንድ ጣት ለእሷ ይሰጣሉ፣ ጣታቸው ላይ የቀረውን ደግሞ ራሳቸው ይልሳሉ፣ ኻላ፣ እርስዎ አይቅመሱ፣ ትላለች ሙሚና፣ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ይሆናል፣ ዝም በይና ዋጪ፣ ይላሉ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያገኘሁት ነው።

መጥቶ ነበር ወይ፣ ይላሉ ቆይተው።

ታስባለች፣ ሐሳቧ እንደ ጎርፍ ማግስት ነው፣ ጭቃ፣ እዚህም እዚያም ዕቃ፣ አይ ኻላ፣ ትላለች፣ መስሎኝ ነበር፣ ግን ማንም አልመጣም፣ ስኳሬን ነው የወሰደው፣ አየሁት እኮ፣ ይላሉ አሮጊቷ፣ ላቡን አየሁት፣ እጅሽን አየሁት፣ የበሬው መድኃኒት ሲበዛብኝ የሚያደርገኝን ነው ያደረገሽ፣ ልክ እንደሱ፣ አንድ ሳያጎድል፣ ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንግዲያ ሥራውን ያውቃል፣ አሉ።

የበሩ ድምፅ፣ የፈይሰል ጫማ፣ ቁልፎቹን ጠረጴዛ ላይ ሲጥል፣ ሙሚና ለመነሳት በክርኗ ትገፋለች፣ ፈይሰል መጋረጃውን ገልጦ ይቆማል፣ እናቱ ወለል ላይ፣ ሠራተኛዋ እናቱ ጭን ላይ፣ ማር እስከ ክርናቸው፣ ሩዝ በየቦታው፣ ስሪንጁ ምንጣፉ ላይ፣ ምንድን ነው ይሄ፣ ይላል፣ ከዚያ ስሪንጁን ያነሳል፣ ራስሽን ልትገድዪ ነው፣ እኔ ቤት፣ እናቴ ፊት፣ ነገውኑ ተርሒል፣ ወላሂ ነገውኑ፣ ድምፁ የክፍል ድምፅ አይደለም፣ የመንገድ ድምፅ ነው፣ የፈራ ሰው ድምፅ፣ ተቀመጥ፣ ይላሉ ኡም ፈይሰል፣ እናቴ አንቺ አታውቂም፣ ተቀመጥ አልኩህ ልጄ።

ይቀመጣል፣ ወለሉ ላይ፣ ይነግሩታል፣ ሁሉንም፣ መሐላውን፣ ፉሉን፣ ምንም ሳይደብቁ፣ እኔ ነኝ ያስማልኳት፣ ይላሉ፣ እሷ ፈርታ ነው እሺ ያለችኝ፣ ወዳኝም ነው፣ ፈይሰል አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፣ ከዚያ ወደ ሙሚና ይዞራል፣ ጠዋት ጠዋት ሰጠኋቸው ስትዪኝ፣ ይላል፣ ዋሸሁ ኡስታዝ፣ ብትሞትብኝስ፣ ይላል ፈይሰል፣ ብትሞትብኝስ፣ አባቴም ሞቱ፣ ልትለው ነበር፣ አላለችም፣ ምን ያደርግለታል፣ እሱ የሚጠይቃት ስለ እሷ አባት አይደለም፣ ከዛሬ ወዲያ መድኃኒቱን አትነኪም፣ ይላል፣ እኔ ነኝ የምወጋት፣ አንቺ ደግሞ፣ አንቺ ደግሞ ብሎ ያቆማል፣ ኡም ፈይሰል ይቀበሉታል፣ እሷን የሰደድክ ቀን እኔንም የተወለድኩበት ሐሩብ አድርሰኝ፣ ወንድሞቼ ተራራው ላይ አሉ፣ ፍየል እየጠበቅሁ እሞታለሁ፣ መሄዷን ከሆነ የምታስበው፣ ተወው።

እሺ፣ ይላል። ትቆይ።

ትቆይ፣ ሰማችው፣ ትቆይ አለ፣ ግን ፊቱን አላዞረላትም፣ ይቅር ማለት እንዲህ አይደለም፣ ይህ ሌላ ነገር ነው፣ ነገም ከነገ ወዲያም ሰላም ብላ ሻይ ስታቀርብለት ይህ ፊት ነው የሚጠብቃት፣ ደግሞ ይገባታል፣ አንድ ጊዜ ሳይሆን በየጠዋቱ ነው የዋሸችው፣ እናቱን ጉድጓድ አፋፍ አድርሳ ነው የመለሰቻቸው፣ የመለሰቻቸውስ እሷ ናት ወይ፣ አሮጊቷ ናቸው በክርናቸው ድኸው የመጡት፣ ያልጠበቀችው ይህን ነው፣ እሷ ልታድናቸው ወድቃ እሳቸው ሊያድኗት ተነሱ፣ ይህን ለማን ትነግረዋለች።

ሙላው፣ ይላሉ ኡም ፈይሰል።

ፈይሰል ከጠርሙሷ ይስባል፣ ከብርሃኑ አቅጣጫ ያያል፣ አየሩን ያስወጣል፣ እጁ አለመደም፣ አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ከጭናቸው ገለጥ አድርገው እጃቸውን ያነሳሉ፣ ቆይ፣ ይላሉ፣ የማን እንደሆነ አሁንም አልነገራችሁኝም፣ እናቴ፣ ይላል ፈይሰል፣ አንድ ሰው አይደለም፣ የሁላችንም ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ነው፣ መጀመሪያ የተቀዳበት አንድ ሰው ሳይኖር አይቀርም፣ ይላሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ያ ረብ፣ ስሙን አላውቀውም፣ ሞቶ እንደሆነ ማረው፣ ቆሞ እንደሆነ ጤና ስጠው፣ ያለ እሱ ፈቃድ የወሰድንበት እንደሆነ አንተ ካሰው፣ አሚን፣ ይላል ፈይሰል ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አሚን፣ ትላለች ሙሚና፣ ለእነዚያም፣ ትላለች በልቧ፣ ለበርሜሎቹ፣ ለጀርም ዱዓ ይደረጋል እንዴ፣ አታውቅም፣ ብላለች፣ አንዴ ብላዋለች።

መርፌው ይገባል። እጅህ ከባድ ነው፣ ይላሉ፣ እንደ አባትህ።

ሙሚና ትንፋሿን ይዛ ፊታቸውን ታያለች፣ ግንባራቸውን፣ ከንፈራቸውን፣ እስካሁን ምንም የለም፣ እስካሁን ደህና ናቸው፣ ቶሎ አይሠራም፣ ታውቀዋለች፣ ቶሎ አይሠራም፣ ውሃ፣ ይላሉ፣ ልትነሳ እጇን መሬት ላይ ትተክላለች፣ ጉልበቷ እምቢ ይላል፣ እንደገና፣ እምቢ፣ ቁጭ በይ፣ ይላል ፈይሰል፣ ተነስቶ ይሄዳል፣ ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ይሰማታል፣ ውሃው ሲንዶቆዶቅ፣ ብርጭቆ፣ ሌላ ብርጭቆ፣ ተመልሶ አንዱን በእናቱ አፍ ላይ ያስጠጋል፣ ሌላውን ዓይኗን ሳያይ በሁለት እጇ ያስይዛታል፣ ትንሽ ይፈስባታል፣ ትጠጣለች።